ሐምራዊው ርክክብ፦ የዴፖርቲቮ ሳፕሪሳ ታሪክና ድል እንዴት ይነበባል?



የታሪክ ሰው ስለ ኳስ ሊናገር መድረክ ላይ ሲወጣ፣ ከአድማጩ መካከል በልቡ «ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ታሪክ ነው?» የሚል አይጠፋም። ጥርጣሬውን አልነቅፍም። ነገር ግን እኛ የታሪክ ተማሪዎች ዕድሜያችንን የምንፈጀው አንድ ጥያቄ እየደጋገምን በመጠየቅ ነው፦ ሰዎች ካቋቋሙት ነገር መካከል መሥራቾቹ ካለፉ በኋላ አንዳንዱ ለምን ይቆማል፣ አንዳንዱስ ለምን ይፈርሳል? መንግሥትን፣ ገዳምን፣ የንግድ ማኅበርን፣ ትምህርት ቤትን የምንመረምረው በዚሁ ጥያቄ ነው። የእግር ኳስ ክለብም ሰዎች ያቋቋሙት፣ ገንዘብ የሚፈልግ፣ ሹም ሽር ያለበት፣ ወራሽ የሚሻ ተቋም ነው። ልዩነቱ ድሉም ውድቀቱም በየሳምንቱ በአደባባይ መቆጠሩ ነው።

ለዚህ ምሽት የመረጥሁት በመካከለኛው አሜሪካ የሚገኘውን የኮስታ ሪካ ክለብ፣ ዴፖርቲቮ ሳፕሪሳን ነው። በገለጻዬ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልግለጽ።

የክለብ ታሪክ ስንጽፍ ልማዳችን ዋንጫ መቁጠር ነው። ሳፕሪሳ ደግሞ ለዚህ ልማድ እጅግ የተመቸ ክለብ ነው። በ2024 አርባኛውን የሀገር ውስጥ ሻምፒዮና ዋንጫ አንሥቷል። የሰሜንና የመካከለኛው አሜሪካ እንዲሁም የካሪቢያን ክለቦች የሚፋለሙበትን የኮንካካፍ ሻምፒዮና ሦስት ጊዜ፣ ማለትም በ1993፣ በ1995 እና በ2005 ወስዷል። በዚያው በ2005 ጃፓን ላይ በተካሄደው የዓለም ክለቦች ሻምፒዮና ሦስተኛ ሆኖ አጠናቅቋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ክብርም ይገባዋል። ሆኖም ቁጥሩ ድሉ እንዴት እንደተገኘ አይነግረንም። ስለዚህ እኔ ዛሬ የምከተለው መንገድ ሌላ ነው። ከዋንጫዎቹ ይልቅ ርክክቦቹን እቆጥራለሁ። የሳፕሪሳ ታሪክ በሦስት ርክክቦች ላይ የቆመ ነው ብዬ አምናለሁ፦ ከአንድ ጫማ ሠሪ ወደ አንድ ባለፋብሪካ፣ ከአንድ ሰው ወደ አንድ ስፍራ፣ በመጨረሻም ከማኅበር ወደ ኩባንያ። እያንዳንዱ ርክክብ ክለቡን አንድ እርምጃ አራምዶታል፤ እያንዳንዱም ዋጋ አስከፍሎታል።

ዘግይቶ የመጣ ክለብ

የመጀመሪያውን ርክክብ ለመረዳት ኳስ ወደ ኮስታ ሪካ እንዴት እንደገባ ማወቅ ያስፈልጋል። መነሻው ቡና ነው። ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች የተገኘው የአረቢካ ቡና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዚያችን ትንሽ ሀገር ኢኮኖሚ ተሸክሞ ቆሟል። ቡናው ወደ አውሮፓ፣ በተለይም ወደ እንግሊዝ ገበያ ይጫን ነበር፤ በቡና የበለጸጉ ቤተ ሰቦችም ልጆቻቸውን ለትምህርት ወደዚያው ይልኩ ነበር። ልጆቹ ሲመለሱ ከመጻሕፍት ጋር ኳስ ይዘው መጡ። እንግዲህ በኮስታ ሪካ እግር ኳስ ሲጀመር የባለጸጎች ልጆች ጨዋታ ነበር ማለት ነው። ወደ ሰፈሩ ልጅ የወረደው ቀስ በቀስ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ክለቦች መመሥረት ጀመሩ። ስማቸውን አስተውሉ። በ1906 የተመሠረተው ካርታጊኔስ የካርታጎ ከተማ ነው። በ1919 የተመሠረተው አላሁዌሌንሴ የአላሁዌላ፣ በ1921 የተመሠረተው ኤሬዲያኖ ደግሞ የኤሬዲያ ነው። የሀገሪቱ ሊግ በ1921 ሲጀመር የመጀመሪያው ሻምፒዮን ኤሬዲያኖ ሆነ። ክለቡ የከተማው ልጅ፣ ደጋፊውም የከተማው ተወላጅ ነበር። ዋና ከተማዋ ሳን ሆሴም እንደ ላ ሊበርታድ ያሉ አንጋፋ ክለቦች ነበሯት። ይህ ሥርዓት ከተዘረጋ ከ10 ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ፣ ማንም ባልጠበቀበት ስፍራ፣ በአንድ ጫማ ሠሪ ቤት ውስጥ ሌላ ቡድን ተወለደ።

ሮቤርቶ ፈርናንዴዝ፣ ሰዎች በቁልምጫ «ቤቶ» የሚሏቸው፣ በሳን ሆሴ ሎስ አንሄሌስ በሚባለው ሰፈር ጫማ ይሠሩ ነበር። የሰፈሩ ልጆች እሳቸው ዘንድ ይሰበሰባሉ፤ እሳቸውም ልጆቹን ቡድን አድርገው አደራጇቸው። ክለቡ የልደት ቀኑን የሚያከብረው ሐምሌ 16 ቀን 1935 በሚለው ነው። ጉልበትና ፍላጎት ነበር፤ መለያ ልብስና ጫማ ግን አልነበረም። ፈርናንዴዝ ርዳታ ፍለጋ ወደ አንድ ባለፋብሪካ ሄዱ።

ባለፋብሪካው ሪካርዶ ሳፕሪሳ አይማ ይባላሉ። በ1901 በኤል ሳልቫዶር ዋና ከተማ በሳን ሳልቫዶር ከካታላን ቤተ ሰብ ተወለዱ። ወጣትነታቸውን ያሳለፉት በባርሴሎና ሲሆን በ1920ዎቹ ለኤስፓኞል ክለብ በተከላካይነት ተጫውተዋል። ከኋላቸው ግቡን የሚጠብቀው በዘመኑ ስሙ የገነነው ሪካርዶ ሳሞራ ነበር። በቴኒስም ተካነው በ1924 የፓሪስ ኦሎምፒክ ስፔንን ወክለዋል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኮስታ ሪካ መጥተው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አቋቋሙ፤ የሀገሪቱን ብሔራዊ ቡድንም አሠልጥነዋል። ለፈርናንዴዝ ጥያቄ እሺ አሉ፤ ልጆቹን አለበሷቸው። ቡድኑም በምስጋና ስማቸውን ወሰደ።

የመጀመሪያው ርክክብ ይኸው ነው። ጫማ ሠሪው ሐሳቡንና ልጆቹን፣ ባለፋብሪካው ሀብቱንና የኳስ ዕውቀቱን አዋጡ። ዋጋው በግልጽ ይታያል፤ መሥራቹ ፈርናንዴዝ ሆነው ሳለ በዓለም የታወቀው ስም ሳፕሪሳ ሆነ። ታሪክ እንዲህ ያደርጋል። ጥሎሽ የሰጠው ሲዘፈንለት ሙሽራዪቱን ያሳደገው ከደጅ ይቀመጣል። ከስሙ ግን ሌላም ነገር ተከትሏል። ሳፕሪሳ እንደ ተቀናቃኞቹ የከተማ ስም አልተሸከመም። የአላሁዌላ ሰው ያልሆነ አላሁዌሌንሴን ለመደገፍ ምክንያት መፈለግ ነበረበት፤ ሳፕሪሳን ለመደገፍ ግን የየትም ተወላጅ መሆን አያስፈልግም ነበር። ክለቡ ከጊዜ በኋላ በመላ ሀገሪቱ ደጋፊ ያፈራው ከዋንጫው ብዛት የተነሣ ብቻ አይመስለኝም። ስሙ በሩን ክፍት አድርጎለታል።

ስለ ሐምራዊው ቀለምም ክለቡ የሚተርከው አፈ ታሪክ አለ። ቀድሞ መለያው ቀይና ሰማያዊ ነበር፤ ሲታጠብ ቀለሙ ተዋሕዶ ሐምራዊ ወጣው ይባላል። የታሪክ ሰው እንዲህ ያለውን ትረካ ሲሰማ እውነት ነው ወይስ ሐሰት ብሎ ብቻ አያልፍም፤ ሰዎች ለምን ይህን ትረካ መረጡ ብሎም ይጠይቃል። በአጋጣሚና በድህነት የተገኘን ነገር ክብር አድርጎ መልበስ፣ ዘግይቶ የመጣና ውርስ የሌለው ክለብ ስለ ራሱ ሊናገር የሚወደው ነገር ነው።

ክለቡ በዝቅተኛዎቹ ዲቪዚዮኖች ከ10 ዓመታት በላይ ቆይቶ በ1947 የሦስተኛው፣ በ1948 የሁለተኛው ዲቪዚዮን ሻምፒዮን ሆነ። 1948 ለኮስታ ሪካ ተራ ዓመት አልነበረም። በዚያ ዓመት ሀገሪቱ ለ44 ቀናት በእርስ በርስ ጦርነት ታመሰች፤ በታኅሣሥ 1 ቀን ደግሞ የድል አድራጊው ወገን መሪ ሆሴ ፊጌሬስ የሀገሪቱ ጦር ሠራዊት መፍረሱን አወጀ። ሳፕሪሳ አንደኛ ዲቪዚዮን ገብቶ በነሐሴ 1949 ላ ሊበርታድን በማሸነፍ ሲጀምር፣ ሀገሪቱ ያለ ጦር ሠራዊት መኖርን ገና እየተለማመደች ነበር። ተማሪዎቼ፣ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁለት ነገሮች በአንድ ወቅት መሆናቸው አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት አይደለም። ማለት የምችለው ይህን ነው፦ ወታደራዊ ሰልፍ በሌለበት ሀገር ባንዲራ ይዞ አደባባይ ለመውጣት ከሚያበቁ ጥቂት አጋጣሚዎች አንዱ ኳስ ሆነ። በዚህ አዲስ ዘመን ውስጥ አዲሱ ክለብ ፈጥኖ አደገ። በ1952 የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ወሰደ፤ በቀጣዩም ዓመት ደገመው።

ከሰው ወደ ስፍራ

ሁለተኛው ርክክብ ከአንድ ሰው ትከሻ ወደ አንድ ስፍራ የተደረገ ነው። ከዚያ በፊት ግን የ1959ኙን ጉዞ ማንሣት ይገባል። በዚያ ዓመት ሳፕሪሳ ዓለምን ዞረ። ነገሩ ለጋዜጣ ማዳመቂያ የተባለ አይደለም፤ ቡድኑ በእርግጥ ከአህጉር አህጉር እየተሻገረ 22 ግጥሚያዎችን አድርጎ 14ቱን አሸነፈ። ያኔ የኮስታ ሪካ ብሔራዊ ቡድን የዓለም ዋንጫን ደጃፍ ገና አልረገጠም ነበር። ለብዙዎቹ አስተናጋጆች ሀገሪቱ በካርታ ላይ ተፈልጋ የምትገኝ ነበረች። እንዲህ ያለ ጉዞ ድፍረት ይጠይቃል፤ ከድፍረቱ ይበልጥ ደግሞ ዓለምን የሚያውቅና በዓለም የሚታወቅ ሰው ይፈልጋል። በባርሴሎና የተጫወቱት፣ በፓሪስ ኦሎምፒክ የተወዳደሩት ዶን ሪካርዶ ያን ዕውቂያ ለሰፈር ልጆች ክለብ አዋሱት።

ችግሩም እዚያው ላይ ነው። የአንድ ሰው ዕውቂያ፣ የአንድ ሰው ኪስ፣ የአንድ ሰው ስም። የእኛ አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ክለቡ ከአንድ ሰው ሸክምነት ወደ ብዙዎች ጌጥነት የሚሸጋገርበት መንገድ ያስፈልገው ነበር። መንገዱ ስታዲየም ሆነ።

እስከ 1972 ድረስ ሳፕሪሳ የራሱ ሜዳ አልነበረውም፤ በሳን ሆሴ ብሔራዊ ስታዲየም ይጫወት ነበር። ነሐሴ 27 ቀን 1972 ከዋና ከተማዋ በስተ ሰሜን በምትገኘው ቲባስ በስማቸው የተሰየመው የሪካርዶ ሳፕሪሳ አይማ ስታዲየም ተከፈተ። ለምረቃው የተጋበዘው የጓቲማላው ኮሙኒካሲዮኔስ ነበር፤ ጨዋታውም 1 ለ 1 ተጠናቀቀ። ስታዲየሙ ከ20,000 በላይ ተመልካች ይይዛል። መቀመጫው ለሜዳው እጅግ የቀረበ በመሆኑ ተጋጣሚ ቡድን የደጋፊውን ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። ክለቡ ከጊዜ በኋላ «ሐምራዊው ጭራቅ» የሚል ቅጽል ሲያገኝ፣ ስታዲየሙም «ዋሻው» ተባለ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ቁጥር ራሱ ይናገር። በዚያው በ1972 ሳፕሪሳ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1973ም፣ በ1974ም፣ በ1975ም፣ በ1976ም፣ በ1977ም። ስድስት ተከታታይ ዋንጫ። የዚያ ዘመን ቡድን ስም ከአሠልጣኙ ከማርቪን ሮድሪጌዝ ጋር ተያይዞ ይነሣል። ሜዳው ብቻውን ዋንጫ አላመጣም፤ ሣርና ሲሚንቶ ግብ አያገባም። ነገር ግን የራስ ቤት ያለው ክለብ ታዳጊ የሚያሠለጥንበት፣ ትኬት የሚሸጥበት፣ ደጋፊውን የሚያሰባስብበት የማይናወጥ አድራሻ ያገኛል። ወረቀት የሚቀመጥበት ሣጥን፣ ዋንጫ የሚደረደርበት መደርደሪያም እንዲሁ። ተቋም የሚባለው ነገር በአብዛኛው ከእንዲህ ያለ ተራ ነገር ይሠራል።

የርክክቡ ፈተና የመጣው በ1990 ነው። በዚያ ዓመት በጋ ላይ ኮስታ ሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ዋንጫ ተካፋይ ሆነች። በጣሊያን ስኮትላንድን 1 ለ 0፣ ስዊድንን 2 ለ 1 አሸንፋ ከምድቧ አለፈች። በስዊድን ላይ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት የማሸነፊያዋን ግብ ያስቆጠረው ተቀይሮ የገባው የሳፕሪሳው ኤርናን ሜድፎርድ ነበር። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ተመልሰን እንመጣበታለን። በዚያው ዓመት ሪካርዶ ሳፕሪሳ ዐረፉ። በሰው ላይ ብቻ የቆመ ክለብ ቢሆን ኖሮ በዚያ ቀን መንገዳገድ በጀመረ ነበር። ሳፕሪሳ ግን በ1993 የኮንካካፍን ሻምፒዮና ወሰደ፤ በ1995 ደገመው። የመሥራቾች ሥራ መጠናቀቁ የሚታወቀው እነሱ ከሄዱ በኋላ በሚሆነው ነው፤ ከዚህ አንጻር የእነዚህ ሁለት ዋንጫዎች ክብር ከቁጥራቸው በላይ ነው።

ከማኅበር ወደ ኩባንያ

ሦስተኛው ርክክብ ከሁሉም ይልቅ አከራካሪው ነው። በአዲሱ ሺህ ዓመት መግቢያ ላይ ሳፕሪሳ ደከመ። ከ1999 በኋላ የሊጉ ዋንጫ ለተከታታይ አራት የውድድር ዘመናት ወደ አላሁዌሌንሴ ሄደ። በሜዳ ላይ መሸነፍ ብቻውን ክለብን አይጥልም። ከተቀናቃኝህ አራት ጊዜ በተከታታይ ዝቅ ብለህ መታየት ግን በገንዘብም በመንፈስም ያደቃል።

በ2003 ክለቡ ለሜክሲኳዊው ባለጸጋ ለሆርሔ ቬርጋራ ተሸጠ። ቬርጋራ በሜክሲኮ የዝነኛው የጓዳላሃራ ክለብ ባለቤት ነበሩ። አሁን የደጋፊውን ስሜት አስቡት። የሰፈር ጫማ ሠሪ የመሠረተው፣ ሀገር ያሳደገው ክለብ የውጭ ሀገር ሰው ንብረት ሆነ። በእግር ኳስ ረገድ ደግሞ ሜክሲኮ ለመካከለኛው አሜሪካ ገለልተኛ ጎረቤት አይደለችም፤ ለአሠርት ዓመታት በገንዘቧና በጉልበቷ የበላይ ሆና የኖረች ናት።

ቀጥሎ የመጣው ለቀላል ፍርድ የማይመች ነው። በ2004 የኮንካካፍ ሻምፒዮና ፍጻሜ የደረሱት ሁለቱም ኮስታ ሪካውያን ነበሩ፤ አላሁዌሌንሴ ሳፕሪሳን አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በቀጣዩ ዓመት ሳፕሪሳ ዳግም ለፍጻሜ ደረሰ፤ የገጠመውም የሜክሲኮውን ፑማስን ነበር። በቲባስ 2 ለ 0 አሸነፈ፤ በሜክሲኮ ሲቲ 2 ለ 1 ቢሸነፍም በደርሶ መልስ ውጤት 3 ለ 2 በልጦ ሻምፒዮን ሆነ። አሠልጣኙ ማን ነበር? ያ በ1990 በስዊድን ላይ ያገባው ኤርናን ሜድፎርድ። ባለቤቱ ሜክሲኳዊ፣ የተሸነፈው ክለብ ሜክሲኳዊ፣ ያሸነፉት ልጆች ኮስታ ሪካውያን ሆኑ። ባለቤትነትና ማንነት ሁልጊዜ በአንድ በር እንደማይገቡ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

በታኅሣሥ 2005 ቡድኑ ወደ ጃፓን ተጓዘ። በመጀመሪያው ጨዋታ ክርስቲያን ቦላኞስ ባስቆጠራት ብቸኛ ግብ የአውስትራሊያውን ሲድኒ ኤፍ ሲን አሸነፈ። በግማሽ ፍጻሜው የአውሮፓ ሻምፒዮን የነበረው ሊቨርፑል 3 ለ 0 ረታው። ይህን ሽንፈት መደበቅ አያስፈልግም፤ የኃይል ሚዛኑ ያ ነበር። ለሦስተኛነት በተደረገው ጨዋታ ግን የሳውዲ ዓረቢያውን አል ኢትሃድ ገጠመ። አልቫሮ ሳቦሪዮ ቀድሞ አገባ፤ አል ኢትሃድ ሁለት መልሶ 2 ለ 1 መራ። ጨዋታው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ሳቦሪዮ በፍጹም ቅጣት ምት አቻ አደረገ፤ ወዲያው ሮናልድ ጎሜዝ ሦስተኛውን ጨመረ። 3 ለ 2። ሕዝቧ ያኔ 5 ሚሊዮን ያልሞላ ሀገር ክለብ በዓለም መድረክ ላይ የነሐስ ሜዳልያ አጠለቀ።

እንግዲህ የውጭው ባለቤት አዳኝ ነበር እንበል? እኔ እንዲህ አልልም። ቬርጋራ ገንዘብና መረጋጋት አምጥተዋል፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን እንደ ቦላኞስና እንደ ሳቦሪዮ ያሉት ተጫዋቾች፣ ለረጅም ዓመታት የመሐል ሜዳው አንጎል የነበረው ዋልተር ሴንቴኖ፣ አሠልጣኙ ሜድፎርድም ጭምር፣ የኮስታ ሪካ እግር ኳስ ከሽያጩ በፊት ያፈራቸው ናቸው። ገንዘብ ያገኘው ለመታጨድ የደረሰ አዝመራ ነው። በተቃራኒው «ተሸጠ፣ አበቃለት» ያሉትም አልቀናቸውም። በ2011 ክለቡ ከቬርጋራ እጅ ወጥቶ ኦሪሶንቴ ሞራዶ ለተባለ የኮስታ ሪካውያን ባለሀብቶች ስብስብ ተላለፈ። ወደ ሀገር ልጆች ተመለሰ ማለት ግን ወደ ሰፈሩ ልጆች ተመለሰ ማለት አይደለም። ክለቡ ዛሬም ኩባንያ ነው፤ ባለአክሲዮኑና ደጋፊው አንድ አይደሉም። የሦስተኛው ርክክብ ዋጋ ይህ ነው፤ እስካሁንም ተከፍሎ አላለቀም።

ዋንጫን እንዴት እንቁጠር?

አሁን ወደ ተውናቸው ዋንጫዎች እንመለስ። አርባ የሚለው ቁጥር የሚያስደንቅ ነው፤ ነገር ግን በጥንቃቄ ይነበብ። ኮስታ ሪካ ከ2007 ጀምሮ በአንድ የውድድር ዘመን ሁለት ሻምፒዮን ታወጣለች፤ በመጀመሪያው ግማሽ አንድ፣ በሁለተኛው ግማሽ አንድ። ስለዚህ ከ1972 እስከ 1977 የተገኙት ስድስት ዋንጫዎች የስድስት ሙሉ ዓመታት ድካም ናቸው። ከ2022 ማብቂያ እስከ 2024 የመጀመሪያ አጋማሽ በተከታታይ የተገኙት አራት ዋንጫዎች ግን የሁለት የውድድር ዘመን ፍሬ ናቸው። ይህን የምለው የኋለኛውን ለማሳነስ አይደለም። በአንድ ሚዛን የማይመዘኑ ነገሮችን በአንድ ዓምድ ደምረን ብንጽፍ ታሪክ ሳይሆን ሒሳብ፣ ያውም የተሳሳተ ሒሳብ እንደምንሠራ ለማሳሰብ ነው።

በዋንጫ መደርደሪያ ላይ የማይታይ ሌላ ድል አለ፤ እሱም ለሀገር የተሰጠ ሰው ነው። የቲባሱ ስታዲየም ለረጅም ዘመን የብሔራዊ ቡድኑም ቤት ሆኖ አገልግሏል። በጥቅምት 2005 ኮስታ ሪካ አሜሪካን 3 ለ 0 አሸንፋ ለጀርመኑ የዓለም ዋንጫ ያለፈችው እዚያው ነው። በ2014 በብራዚል ኮስታ ሪካ ኡራጓይን፣ ጣሊያንንና እንግሊዝን በያዘ ምድብ ውስጥ አንደኛ ሆና ሩብ ፍጻሜ ስትደርስ፣ ግብ ጠባቂው ኬይሎር ናቫስ ነበር። ናቫስ በሳፕሪሳ አድጎ በ2010 ወደ ስፔን የሄደ፣ ከብራዚሉ ውድድር በኋላም ሪያል ማድሪድ የገባ ተጫዋች ነው። ከጎኑም ሴልሶ ቦርሔስና ክርስቲያን ቦላኞስ፣ ሁለቱም የዚያው ቤት ልጆች፣ ተሰልፈዋል። አንድ ክለብ ያነሣው ዋንጫ የደጋፊዎቹ ብቻ ነው፤ ያሳደገው ተጫዋች ግን የተቀናቃኙም ደስታ ይሆናል። በ2014 የአላሁዌሌንሴ ደጋፊ ለናቫስ ጮኋል።

ጥላውንም አንሸሽግ። ከ1995 ጀምሮ የተደራጀው የደጋፊዎች ቡድን፣ ኡልትራ ሞራዳ፣ ለስታዲየሙ ዜማና ድምቀት ሰጥቷል። ነገር ግን በኮስታ ሪካ እንደ ሌላው የላቲን አሜሪካ ክፍል ሁሉ ከእንዲህ ያሉ ቡድኖች ጋር የመጣ ግጭትና ድብድብም አለ። ጦር ሠራዊቷን ባፈረሰች ሀገር ወጣቶች ስለ መለያ ቀለም ሲደባደቡ ማየት የሚያሳዝን ነው። የክለብ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን ምዕራፍ ቢዘልል የታሪክ ጸሐፊ ሳይሆን ደጋፊ ሆኗል ማለት ነው።

ክቡራንና ክቡራት፤

በ2019 ሳፕሪሳ የሆንዱራሱን ሞታጉዋ በደርሶ መልስ 1 ለ 0 አሸንፎ የኮንካካፍ ሊግን ዋንጫ ሲያነሣ፣ ከተመሠረተ 84 ዓመታት አልፈውት ነበር። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ስሙ፣ ቀለሙና የልጆች ማሠልጠኛነቱ ጸንተው ቆይተዋል። ባለቤቱ፣ ሜዳውና ገንዘቡ ግን ተለዋውጠዋል። ከዚህ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። ተቋም የሚዘልቀው ባለቤቱ ስላልተለወጠ አይደለም። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ አብሮ መተላለፍ ያለበት ነገር ምን እንደሆነ የሚያውቁ ሰዎች በየዘመኑ ስለተገኙ ነው። ጫማ ሠሪው ለባለፋብሪካው የሰጡት ልጆቹን ነው። ባለፋብሪካው ለስታዲየሙ የሰጡት ልጆቹን ነው። ኩባንያውም ክለቡን ሲረከብ ያገኘው ከሁሉ የከበረ ንብረት ያንኑ ነው። በሦስቱም ርክክብ ከእጅ ያልወደቀው ዕቃ በሎስ አንሄሌስ ሰፈር የተጀመረው፣ ልጅን ሰብስቦ ማሠልጠን የሚባለው ሥራ ነው። እሱ የተጣለ ቀን አርባው ዋንጫ የሙዚየም ብረት ይሆናል።

ተማሪዎቼ፣ ስለ ማንኛውም ክለብ፣ ስለ ማንኛውም ማኅበር ታሪክ ለመጻፍ ስትነሡ፣ ስንት ጊዜ አሸነፈ ከማለታችሁ በፊት ከማን ተረከበ፣ ምን ተረከበ፣ ሲያስረክብስ ምን ጎደለ ብላችሁ ጠይቁ። የሸሚዙን ስም ብቻ አንብባችሁ አትለፉ፤ ሸሚዙን ፍለጋ የሄዱትንም ሰው ስም ጻፉ። በዚህ ታሪክ እኚህ ሰው ሮቤርቶ ፈርናንዴዝ ይባላሉ፤ ሥራቸውም ጫማ መሥራት ነበር።

 አሁን ለጥያቄዎቻችሁ ዝግጁ ነኝ።